ቀብድ፣ ኢንዴክስና «ምልክት»፡ የአክሲዮን ኢንዴክስ ኦፕሽንን ከዳምቦያ ገበያ ተነስተን ስንመረምረው

1. መግቢያ

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን የኢኮኖሚ ዘገባ ሲነሳ አብዛኞቻችን ፊታችንን እናዞራለን፡፡ ርዕሱ ፖለቲካ፣ ስፖርት ወይም ኪነ ጥበብ ሲሆን እጁን የሚያወጣው ብዙ ነው፡፡ «አክሲዮን»፣ «ኢንዴክስ»፣ «ኦፕሽን» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል፡፡ ታዲያ እኛ ዝም ስላልን ቃላቱ ቆመው አልጠበቁንም፡፡ ዛሬ ሆሳዕናም፣ ዱራሜም፣ የኔዋ ዳምቦያም በወጣቱ ስልክ ውስጥ ገብተዋል፡፡ «የገበያውን ጊዜ የሚናገር ምልክት አለን፤ ምልክቱ ግዛ ሲልህ በአሜሪካ የአክሲዮን ኢንዴክስ ላይ ኦፕሽን ግዛ፤ ትርፉን ቁጭ ብለህ ቁጠር» የሚል መልእክት የደረሰው ልጅ ጥቂት አይደለም፡፡

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱን ቃላት ማለትም ኢንዴክስን፣ ኦፕሽንንና የገበያ ጊዜ ምልክትን በምናውቀው ነገር ማስረዳት፣ ከዚያም ሦስቱ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚፈጠር በሒሳብና በታሪክ ማሳየት ነው፡፡ ማስተላለፍ የምፈልገው ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ የምልክት ዋጋው የሚታወቀው ልክ ያልሆነበት ጊዜ ሁሉ ተቆጥሮ፣ ያስከፈለው ሁሉ ተቀንሶ ነው፡፡ ይህን ሳያጣራ ስለ ምልክት የሚጽፍ ጋዜጠኛ ዘጋቢነቱ ቀርቶ የሻጩ ደላላ ይሆናል፡፡ መልካም ንባብ!

2. ለመሆኑ ኢንዴክስ ምንድን ነው?

ኢንዴክስ የብዙ ነገሮችን ዋጋ ባንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው፡፡ አንድ ሰው ከገበያ ሲመለስ «ገበያው እንዴት ዋለ?» ብንለው «ጤፍ ትንሽ ጨምሯል፤ በቆሎ ወርዷል፤ ቦለቄ ግን እሳት ሆኗል» ይለናል፡፡ መልሱ ጥሩ ነው፤ ግን በአጠቃላይ ገበያው ወጣ ወይስ ወረደ? ይህን ለማወቅ አንድ ቁጥር ያስፈልጋል፡፡

ለምሳሌ ያህል በዳምቦያ ገበያ የአራት እህል አንዳንድ ኩንታል ዋጋ እንደሚከተለው ነው እንበል (ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተወሰዱ ናቸው)፡፡ ጤፍ 10,000፣ ስንዴ 5,000፣ በቆሎ 3,000፣ ቦለቄ 7,000 ብር፤ ድምሩ 25,000 ብር ይሆናል፡፡ ይህንን «100» ብለን እንሰይመው፡፡ በሚቀጥለው ሳምንት ጤፍ 10,500፣ ስንዴ 5,000፣ በቆሎ 2,800፣ ቦለቄ 7,700 ብር ቢሆን ድምሩ 26,000 ነው፡፡ 26,000ን ለ25,000 አካፍለን በ100 ስናባዛ 104 ይመጣል፡፡ በቃ፣ «የዳምቦያ ኢንዴክስ» ከ100 ወደ 104 ወጣ ማለት ነው፡፡ በቆሎ ቢወርድም ገበያው በጠቅላላው ወጥቷል፡፡

የአክሲዮን ኢንዴክስም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ በእህሉ ፋንታ የኩባንያ አክሲዮኖች ይገባሉ፡፡ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደስ የሚለው ነገር በዓለም ላይ ታዋቂ የሆነውን ኢንዴክስ የጀመረው ጋዜጠኛ መሆኑ ነው፡፡ ቻርልስ ዳው ከዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ መሥራቾች አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1896 የ12 ኩባንያዎችን አክሲዮን ዋጋ ደምሮ በማካፈል ዛሬም በስሙ የሚጠራውን የኢንዱስትሪ አማካይ ማውጣት ጀመረ፡፡ አሜሪካኖቹ ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚሉት ሰፊው ኢንዴክስ በ500 ኩባንያዎች መቆጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፡፡ ጃፓኖች ደግሞ ኒኬይ 225 የሚባል አላቸው፡፡

3. ኦፕሽንን በቀብድ እንረዳው

ኦፕሽን የሚለው ቃል ለጆሮ ቢከብድም ዘመዱን በደንብ እናውቀዋለን፤ ቀብድ ነው፡፡ አንድ ሰው በሬ ለመግዛት ዋጋ ይቆርጥና ቀብድ ይሰጣል፡፡ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ትቶ ይሄዳል፡፡ ይህ የልማድ ነገር ብቻ አይደለም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ድረስ ስለ ቀብድ ይደነግጋል፡፡ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ የተቀበለው ደግሞ ማፍረስ ከፈለገ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፡፡

ኦፕሽን ገዢም እንዲሁ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ መብት ይገዛል፡፡ በተቆረጠው ዋጋ፣ በተወሰነው ቀን ወይም እስከዚያ ቀን ድረስ የመግዛት መብት ከሆነ «ኮል» ይባላል፡፡ የመሸጥ መብት ከሆነ ደግሞ «ፑት» ይባላል፡፡ ገበያው ካልተመቸው መብቱን ይተወዋል፤ የሚያጣው የከፈለውን ብቻ ነው፡፡

ሆኖም ሁለት ልዩነቶችን ልብ ማለት ይገባል፡፡ አንደኛ፣ ቀብድ ውሉ ሲፈጸም ይመለሳል ወይም ከዋጋው ላይ ይታሰባል፤ ለኦፕሽን የተከፈለ ግን ተመልሶ አይመጣም፡፡ ሁለተኛ፣ ቀብድ ተቀባይ እጥፍ ከፍሎ መውጫ በር አለው፤ ኦፕሽን የሸጠ ሰው ግን ገዢው መብቴን ልጠቀም ካለው «አልፈልግም» ብሎ መውጣት አይችልም፡፡ ይህ ሁለተኛው ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ኋላ እንደምናየው በአንድ ትልቅ ባንክ መውደቅ ውስጥ እሱም ድርሻ ነበረው፡፡

በበሬ ላይ የተገዛ መብት ሲፈጸም በሬው ይነዳል፡፡ በኢንዴክስ ላይ ሲሆንስ? ኢንዴክስ ቁጥር ነው፤ ተነድቶ አይመጣም፡፡ ስለዚህ ሒሳቡ በጥሬ ገንዘብ ይወራረዳል፡፡ ወደ ዳምቦያ ኢንዴክሳችን እንመለስ፡፡ አንዱ ነጥብ 100 ብር ይቆጠር እንበል፡፡ ኢንዴክሱ 104 ላይ ሳለ አንድ ሰው «ከወር በኋላ ከ104 በላይ ለወጣው ሁሉ ትከፍለኛለህ» ብሎ 300 ብር ከፍሎ ኮል ገዛ፡፡

ሀ) ኢንዴክሱ በወሩ መጨረሻ 110 ቢሆን 6 ነጥብ ወጥቷል፤ 600 ብር ይቀበላል፤ የከፈለው 300 ሲቀነስ 300 ብር አተረፈ፡፡
ለ) 106 ቢሆን 200 ብር ይቀበላል፤ 300 ከፍሎ ስለነበር 100 ብር ከሰረ፡፡
ሐ) 102 ቢሆን ምንም አይቀበልም፤ 300 ብሩ ሄደ፡፡

እባካችሁ «ለ»ን ደግማችሁ አንብቡት፡፡ ሰውየው ገበያው ይወጣል አለ፤ ገበያውም ወጣ፤ ሰውየው ግን ከሰረ! ኦፕሽን የሚገዛ ሰው አቅጣጫውን ማወቁ አይበቃውም፡፡ ምን ያህል እንደሚሄድና በየትኛው ቀን እንደሚደርስም ጭምር ማወቅ አለበት፡፡ ገበያው ወደ 110 የወጣው ማብቂያው ባለፈ በማግስቱ ከሆነ ለሱ ምንም አይደለም፡፡

አክሲዮን ላይ የሚደረግ የኦፕሽን ግብይት በተደራጀ ገበያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 በቺካጎ ነው፡፡ በአክሲዮን ኢንዴክስ ላይ ደግሞ እዚያው ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1983 ተጀመረ፡፡ መነሻ ጥቅሙ መጥፎ አልነበረም፡፡ ብዙ አክሲዮን ያለው ሰው ወይም የጡረታ ፈንድ ገበያው ቢወድቅ የሚክሰውን ፑት ገዝቶ ይተኛል፤ እንደ መድን ማለት ነው፡፡ እኛም ጋ የዚህ ዘመድ አለ፡፡ በሐዲያ እናቶች ለያሆዴ መስቀል የሚሆን ቅቤ ከወራት በፊት ጀምረው በዊጆ ያጠራቅማሉ፡፡ የመስቀል ሰሞን የቅቤ ዋጋ ሰማይ ቢነካ ግድ የላቸውም፤ አስቀድመው ራሳቸውን ጠብቀዋል፡፡ ይህ ዋጋን ከመገመት ይለያል፡፡ እናቶች የቅቤ ዋጋ ስንት እንደሚገባ አልተነበዩም፤ የትም ቢገባ እንዳይጎዱ ተዘጋጁ እንጂ፡፡

4. የገበያ ጊዜ ምልክት ሲባልስ?

የገበያ ጊዜ ምልክት ማለት «አሁን ግባ፣ አሁን ውጣ» የሚል ማንኛውም ደንብ ነው፡፡ በብዛት የሚሠራበት ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው ነው፡፡ ያለፉትን ቀናት ዋጋ አማካይ ታወጣለህ፤ የዛሬው ዋጋ ከአማካዩ በላይ ከሆነ ግዛ፣ በታች ከሆነ ሽጥ፡፡ በውጭው ዓለም የ200 የገበያ ቀን አማካይ የተለመደ ነው፡፡

በኛ ኢንዴክስ እንሞክረው፡፡ ያለፉት አራት ሳምንታት 100፣ 104፣ 103፣ 105 ነበሩ እንበል፡፡ አማካዩ 103 ነው፡፡ በአምስተኛው ሳምንት ኢንዴክሱ 106 ሆነ፤ ከ103 በላይ ነውና ምልክቱ «ግዛ» አለ፤ ገዛን፡፡ በስድስተኛው ሳምንት ወደ 101 ወረደ፡፡ ያለፉት አራቱ አሁን 104፣ 103፣ 105፣ 106 ሲሆኑ አማካያቸው 104.5 ነው፡፡ 101 ከዚህ በታች ስለሆነ ምልክቱ «ሽጥ» አለ፤ ሸጥን፡፡ በ106 ገዝተን በ101 ሸጥን ማለት ነው! ምልክቱ አልተበላሸም፤ ደንቡን ጠብቆ ሠርቷል፡፡ ዋጋ አንድ አቅጣጫ ይዞ ረጅም ጊዜ ሲጓዝ ይጠቅማል፤ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ግን ገንዘብ ይበላል፡፡ ችግሩ ከፊታችን ያለው ጊዜ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ምልክቱ ራሱ አለማወቁ ነው፡፡

ዳምቦያ እህል የምትነግድ አክስት አለችኝ፡፡ ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ገበያ ግን ታውቃለች፡፡ ከመስቀል በፊት ዋጋ እንደሚጨምር እየታወቀ ለምን ያላትን ሁሉ በነሐሴ ገዝታ እንደማታስቀምጥ ጠየቅኳት፡፡ «እንዴ ልጄ! መስቀል መምጣቱን ሻጩም ያውቃል እኮ» አለችኝ፡፡ በትልልቅ መጻሕፍት የሚተነተነው ሐሳብ ይኸው ነው፡፡ ሁሉም የሚያውቀው ምልክት ቀድሞ ዋጋው ውስጥ ይገባል፡፡ ከኦፕሽን ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፡፡ ገበያው ሊናወጥ ነው ተብሎ ሲጠበቅ የኦፕሽኑ ዋጋ ራሱ ይወደዳል፤ ምክንያቱም ኦፕሽን ሻጩም ያንኑ ወሬ ሰምቷል፡፡

ሌላም የአካባቢያችን ትምህርት አለ፤ ዝንጅብል፡፡ በከምባታ በተለይ በሐደሮ ጡንጦ አካባቢ፣ እንዲሁም በወላይታ ዝንጅብል የብዙ ገበሬ የገንዘብ ምንጭ ነበር፡፡ ያለፉት ዓመታት ዋጋ «ትከል፣ ትከል» የሚል ምልክት ይሰጥ ነበር፡፡ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ግን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ገብቶ ማሳውን አወደመው፡፡ ያለፈው ዋጋ ስለ በሽታው ምንም አልተናገረም፤ ሊናገርም አይችልም፡፡ ካለፈ ዋጋ የሚወጣ ምልክት የሚያውቀው ቀድሞ የሆነውን ብቻ ነው፡፡

5. የአንድ ጋዜጠኛ ምልክትና የአንድ ተመራማሪ ቆጠራ

ቻርልስ ዳው ከሞተ በኋላ ሐሳቡን ይዞ የቀጠለው የዎል ስትሪት ጆርናል አዘጋጅ ዊልያም ፒተር ሃሚልተን ነበር፡፡ ሃሚልተን «የዳው ንድፈ ሐሳብ» በተባለው መንገድ የኢንዴክሱን አካሄድ እያየ ገበያው ሊወጣ ነው፣ ሊወርድ ነው እያለ በርዕሰ አንቀጹ ይጽፍ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1929 የወጣው ጽሑፉ የገበያው መውጣት ማብቃቱን አወጀ፡፡ ከጥቂት ቀናት በኋላ የዎል ስትሪት ታላቁ ውድቀት ሆነ፡፡ በዚህም ስሙ ገነነ፡፡ እዚህ ላይ ቢያበቃ «ጋዜጠኛው ነቢይ» ተብሎ ይተረክ ነበር፡፡

ነገር ግን አልፍሬድ ካውልስ የተባለ አሜሪካዊ ሁሉንም ቆጠረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ጥናት ከ1904 እስከ 1929 መጨረሻ ያሉትን የሃሚልተን ርዕሰ አንቀጾች አንድ በአንድ አነበበ፡፡ በጽሑፎቹ መሠረት የገዛና የሸጠ ሰው በዓመት በአማካይ 12 ከመቶ ያገኝ ነበር፡፡ መጥፎ አይደለም፡፡ ምንም ምልክት ሳይከተል አክሲዮኖቹን ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን 15.5 ከመቶ ያገኝ ነበር፡፡ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም፡፡ 100 ብር በ26 ዓመት ውስጥ በ12 ከመቶ 1,900 ብር ገደማ ሲሆን በ15.5 ከመቶ ግን 4,200 ብር ገደማ ይሆናል፡፡ በተጨማሪም ሃሚልተን አቅጣጫ ተቀይሯል ካለባቸው 90 ጊዜያት ውስጥ 45ቱ ተሳክተዋል፤ 45ቱ አልተሳኩም፡፡ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ አንበሳ ወይስ ሰው እንደማለት ነው፡፡

ለሚዛናዊነት ያህል የሚከተለውን መጨመር አለብኝ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 ሦስት ተመራማሪዎች የሃሚልተንን ጽሑፎች እንደገና መርምረው ካውልስ አደጋን በበቂ አልቆጠረም ብለዋል፡፡ ሃሚልተን ብዙ ጊዜ ከገበያው ወጥቶ ስለሚጠብቅ ገንዘቡ ላይ ያለው ስጋት አነስተኛ ነበር፤ ይህ ሲታሰብ ውጤቱ መልካም ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል፡፡ ስለዚህ ምልክት ሁሉ ባዶ ነው ማለት አይቻልም፡፡ ይሁንና ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ሙሉውን መዝገብ ይዘው ነው፡፡ አንዲቷን የ1929 ርዕሰ አንቀጽ ብቻ መዞ ማሳየት ግን ማስታወቂያ ነው፡፡

6. ልክ ሆኖ መክሰር

አሁን ምልክቱንና ኦፕሽኑን እናጣምር፡፡ አንድ ምልክት ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ አቅጣጫውን ልክ ይናገራል እንበል፤ በዚህ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡ በየጊዜው 100 ብር የሚያወጣ ኦፕሽን እንገዛለን፡፡ ሲሳካ 180 ብር እንቀበላለን፤ የተጣራው ትርፍ 80 ብር ነው፡፡ ሳይሳካ 100 ብራችን ይሄዳል፡፡

በመጀመሪያው ሒሳብ 6 ጊዜ 80 ብር ስናተርፍ 480፣ 4 ጊዜ 100 ብር ስንከስር 400፤ በጠቅላላው 80 ብር አተረፍን፡፡ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን ከ6ቱ ውስጥ በ2ቱ ገበያው በተባለው አቅጣጫ ቢሄድም ርቀቱ ባይበቃ ወይም ከማብቂያው ቀን በኋላ ቢደርስና የከፈልነው ሁሉ ቢቀር፣ ትርፋማዎቹ 4 ብቻ ይሆናሉ፡፡ 4 ጊዜ 80 ብር 320፣ 6 ጊዜ 100 ብር 600፤ በጠቅላላው 280 ብር ኪሳራ! ምልክት ሻጩ «ከ10 ጊዜ 6 ጊዜ ልክ ነበርኩ» ሲል አልዋሸም፤ ደንበኛው ግን ባዶ እጁን ቀርቷል፡፡ የደላላ ክፍያና የምልክቱ ወርኃዊ ዋጋ ገና አልተቀነሰም፡፡

ከዚህ የከፋው ደግሞ መዝገቡ ራሱ የተሠራ ሲሆን ነው፡፡ አንድ የታወቀ የቆየ ዘዴ አለ፡፡ አጭበርባሪው 6,400 ሰዎች ስልክ ይይዛል፡፡ ለግማሾቹ «ገበያው ይወጣል»፣ ለግማሾቹ «ይወርዳል» ብሎ በነፃ ይልካል፡፡ የተሳሳተባቸውን 3,200 ሰዎች ይተዋል፤ ልክ የሆነላቸውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል፡፡ 1,600፣ 800፣ 400፣ 200፣ በመጨረሻም 100 ሰዎች ይቀራሉ፡፡ እነዚህ 100 ሰዎች በተከታታይ 6 ጊዜ ልክ የሆነ «ምልክት» በዓይናቸው አይተዋል፡፡ አሁን ክፈሉ ቢላቸው የማይከፍል ማነው? ሰውየው ስለ ገበያ አንዲት ነገር ማወቅ አላስፈለገውም፡፡

7. ሻጭ ሲሆኑስ? የባሪንግስ ባንክ ታሪክ

«ገዢው ብዙ ጊዜ የሚከስር ከሆነ እኔ ሻጭ ልሁን» የሚል ብልህ አይጠፋም፡፡ ኒክ ሊሰን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ይህንን አድርጓል፡፡ ሊሰን እ.ኤ.አ. በ1762 ለተመሠረተው የለንደኑ ባሪንግስ ባንክ ሲንጋፖር ሆኖ ይሠራ ነበር፡፡ የደበቀው ኪሳራ ነበረበት፡፡ ያንን ለመሸፈን በኒኬይ 225 ኢንዴክስ ላይ ኮልም ፑትም ሸጠ፡፡ ገበያው ረግቶ ቢቆይ ሁለቱም ገዢዎች የከፈሉት ገንዘብ ለሱ ይቀርለት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 በጃፓን የኮቤ ከተማ ከ6,000 በላይ ሰው የገደለ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ኢንዴክሱም ወረደ፡፡ ሊሰን ኪሳራውን ለመመለስ ይነሳል ብሎ በኢንዴክሱ ላይ ግዢውን ጨመረ፤ አልተነሳም፡፡ በየካቲት መጨረሻ ኪሳራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ከ230 ዓመት በላይ የቆየው ባንክ ወደቀ፡፡ የሆላንዱ አይ ኤን ጂ በ1 ፓውንድ ገዛው፡፡

በእኛው ምሳሌ ስናየው፣ ያን ኮል የሸጠው ሰው 300 ብር ተቀብሏል፡፡ ኢንዴክሱ 130 ቢገባ 26 ነጥብ በ100 ብር፣ 2,600 ብር ይከፍላል፡፡ የገዢው ኪሳራ ገደብ አለው፤ የኮል ሻጭ ኪሳራ ግን ገደብ የለውም፡፡

8. ጉዳዩ በአገራችን

በአገራችን የአክሲዮን ንግድ አዲስ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተዘጋ፡፡ በ2000 ዓ.ም. በዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፡፡ ምርት ገበያው የዕለቱን ዋጋ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳና በስልክ ለገበሬውና ለነጋዴው ማድረሱ ትልቅ ቁም ነገር ነበር፡፡ እዚህ ላይ ልዩነቱን እንያዝ፡፡ የዋጋ ሰሌዳ ዛሬ ስንት እንደሆነ ይነግራል፤ ምልክት ግን ነገ ስንት እንደሚሆን አውቃለሁ ይላል፡፡ የመጀመሪያው መረጃ ነው፤ ሁለተኛው ግምት ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፡፡ ገበያው ሲከፈት የኢንዴክስ ኦፕሽን ግብይት አልነበረበትም፡፡ በአዋጁ መሠረት በዚህ መስክ የኢንቨስትመንት ምክር እየሰጠ የሚከፈለው ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፡፡

ታዲያ ይህ ሁሉ ዳምቦያን ምን አገባት? ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛት ለማንም የተሰወረ አይደለም፡፡ እዚያ ሱቅ ውስጥ ሌሊትና ቀን፣ አንዳንዴም በነፍሱ ተወራርዶ ያገኘውን ለቤተሰብ ይልካል፡፡ አንድ የጎረቤታችን ልጅ ወንድሙ ለቤት ክዳን ቆርቆሮ የላከውን 40,000 ብር ይዞ «አንተ ጋዜጠኝነት ትማር የለ? ይሄ ሲግናል የሚሉት ነገር እውነት ነው?» ብሎኛል፡፡ የሚያሳየኝ በስልኩ የደረሰውን ተከታታይ የትርፍ ምስል ነው፡፡ የኪሳራ ምስል አንድም የለበትም፡፡ «የከሰሩበትንስ ላኩልኝ በላቸው፤ ያለፈው ዓመት ሙሉውን፣ ቀን በቀን» አልኩት፡፡ ጠየቃቸው፡፡ መልስ ሳይሰጡት አስወጡት፡፡ ቆርቆሮው ተገዝቶ ቤቱ ተከድኗል፡፡

9. ለዘገባ የሚረዱ ጥያቄዎች

ከላይ ከተገለጸው በመነሳት ስለማንኛውም የገበያ ምልክት የሚዘግብ ተማሪ ቢያንስ የሚከተሉትን ቢጠይቅ መልካም ነው፡፡

1ኛ. ሙሉው መዝገብ የታለ? የተሳካውም ያልተሳካውም፡፡
2ኛ. ትንቢቱ የተጻፈው ገበያው ከመንቀሳቀሱ በፊት መሆኑ በምን ይረጋገጣል?
3ኛ. የኦፕሽኑ ዋጋ፣ የደላላው ክፍያና የምልክቱ ዋጋ ተቀንሶ ምን ቀረ?
4ኛ. ምንም ምልክት ሳይከተል ይዞ የተቀመጠ ሰው በዚያው ጊዜ ስንት አገኘ? (የካውልስ ጥያቄ)
5ኛ. ትልቁ ኪሳራ ስንት ነበር? ከዚያስ በኋላ ለመቀጠል የሚሆን ገንዘብ ተርፎ ነበር?
6ኛ. ሰውየው የሚኖረው ከምልክቱ በሚያገኘው ትርፍ ነው ወይስ ምልክቱን በመሸጥ? ፈቃድስ አለው?

የመጨረሻውን ጥያቄ አክስቴ በራሷ መንገድ ብትጠይቀው «ጤፍ ነገ እጥፍ እንደሚሆን ያወቀ ሰው ጤፉን ይገዛል እንጂ ወሬውን ለኔ በ500 ብር ይሸጥልኛል?» የምትል ይመስለኛል፡፡

10. ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ኢንዴክስ ጠቃሚ መለኪያ ነው፤ ኦፕሽንም ለሚጠነቀቅበት ሰው መድን ሊሆን ይችላል፤ ምልክትም አንዳንዴ ይሠራል፡፡ ሦስቱ ሲገናኙ ግን አቅጣጫን፣ ርቀትንና ቀንን በአንድ ላይ ማወቅን ይጠይቃሉ፤ ለዚህም ዋጋው አስቀድሞ ይከፈላል፡፡ ስለዚህ አንባቢያችን ስለተሳካው ብቻ ሰምቶ እንዳይወስን የቀረውን ቆጥሮ ማቅረብ የእኛ ሥራ ነው፡፡

ለትምህርት ክፍሉ አንድ ሐሳብ አለኝ፡፡ ለሚቀጥለው ዓመት በየሳምንቱ የአራት እህል ዋጋ ከሆሳዕናና ከዳምቦያ ገበያ ሰብስበን የራሳችንን ኢንዴክስ በዚህ መጽሔት ብናወጣስ? ወጪው የታክሲና የደብተር ነው፡፡ ከጎኑም የአራት ሳምንቱ አማካይ በሚሰጠው ምልክት ብንገበያይ ኖሮ ምን እናገኝ እንደነበር፣ ከሰርንም አተረፍንም፣ ሳንደብቅ እንጽፋለን፡፡ በዓመቱ መጨረሻ ሙሉ መዝገብ በእጃችን ይኖራል፡፡